ጂሙን እንደ እቁብ ያዙት

«ስኳርዎ ከፍ ብሏል፤ መቀመጥ ይቀንሱ» ብሎ ሐኪሙ ሲነግረኝ ሳቄ መጣ። እኔ መቼ ተቀምጬ አውቃለሁ? በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል መመላለስ ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። ከዚያ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና አመጣለሁ፤ ከዚህ ጨርቅ፣ ሽቶና የዱቄት ወተት እወስዳለሁ። ደወሌ ላይ ሲፈትሹኝ የኖሩ ሰዎች ልጆቻቸውን ዳሩ፤ እኔ አሁንም ሻንጣ እከፍታለሁ።

ማታ ቤት ገብቼ ቀኔን ስቆጥረው ግን ሐኪሙ እውነቱን ነበር። ከናጋድ ጣቢያ እስከ ሱቅ በታክሲ። ሱቅ ውስጥ በርጩማ ላይ። ከምሳ በኋላ ሙቀቱን ሸሽቼ ጋደም። ማታ እንደገና በርጩማ ላይ። የሚንቀሳቀሰው ዕቃው ነው እንጂ እኔ አልነበርኩም።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ስኳር ሕመም አይደለም። ጀምረን ስለምንተወው ነገር ነው። እግረ መንገዴንም በዚህ ከተማ ጂም የከፈቱ፣ ሊከፍቱ የሚያስቡም ወገኖች ስላሉን ያየሁትን ላካፍላቸው ብዬ ነው።

ለአምስት ቀን ሠላሳ ሺህ ፍራንክ

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ እኔና ሽቶ የምትነግድ ጓደኛዬ ሱቃችን አጠገብ ባለ አንድ ጂም ተመዘገብን። የሦስት ወሩን ክፍያ፣ እዚህ «አቦንማ» የሚሉትን፣ 30,000 ፍራንክ በአንድ ጊዜ ከፈልን። ባለቤቱ ልጅ እግር ነው፤ አባቱ የዚህ አገር ሰው፣ እናቱ የድሬዳዋ ልጅ ናት። አማርኛ ይችላል። እኔን ግን በሶማሊኛ «ኤዶ» ይለኛል፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማሽኖቹን ሁሉ አሳየን። ይህ ለእግር፣ ይህ ለጀርባ፣ ይህ ለትከሻ። ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ አንዱንም አልያዝኩም። «በሉ ቀጥሉ» ብሎን ወደ ሌላ ሰው ሄደ። ግድግዳው ሙሉ መስታወት ነው፤ ዙሪያችን የሚታገሉት የልጄ እኩዮች ናቸው። እኔና ጓደኛዬ ገበያ ውስጥ ልጅ እንደጠፋባት እናት ቆመን ቀረን። በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ሰውነት ያልለመደውን ሲሠራ እንዲህ እንደሚያመው፣ በጥቂት ቀን ውስጥም እንደሚለቅ የነገረኝ አልነበረም፤ የተጎዳሁ ነበር የመሰለኝ።

እንደ ምንም አምስት ቀን ሄድኩ። ከዚያ ዕቃ ደርሶልኝ ወደ ድሬዳዋ ወረድኩና ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ስመለስ ያልጠበቅሁት ነገር ያዘኝ፤ ሐፍረት። «የት ጠፋሽ ቢለኝ ምን እለዋለሁ? ደግሞ እንደ አዲስ ልጀምር ነው?» ስል አንድ ቀን አለፈ፤ ሳምንትም አለፈ። በኋላማ በጂሙ በር ላለማለፍ መንገድ መቀየር ጀመርኩ። ጓደኛዬም እኔ ስቀር ቀረች። 30,000 ፍራንክ ለአምስት ቀን ማለት ለአንዱ ቀን 6,000 መሆኑ ነው። ለደንበኛ መቶ ፍራንክ ለመቀነስ ግማሽ ሰዓት የምከራከር ሴትዮ!

ከጂሙም ማንም አልደወለልኝም።

በዚያው ወር አንድ ዓርብ ትኩሳት ይዞኝ ከእቁብ ቀረሁ። እቁባችን የ22 ሴቶች ነው። የዚህ አገር ሴቶችም አሉበት፤ እነሱ «ሐግባድ» ይሉታል። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ጸሐፊዋ ደወለች። ከመግሪብ በኋላ ሁለቱ ሾርባ ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። አንዷ «የዛሬውን እኔ ከፍዬልሻለሁ፤ ስትድኚ ትሰጪኛለሽ» አለችኝ። ተኝቼ ሳስበው ገረመኝ። ሁለቱም ቦታ ገንዘቤን ሰጥቻለሁ። አንደኛው ቦታ ስቀር ቤቴ ድረስ ተመጣ፤ ሌላው ቦታ መኖሬም የታወቀ አልመሰለኝም።

የልጁ ጭንቀት

ረመዳን አልፎ ሚያዝያ ላይ ልጁ ለእናቱ በርበሬ ሊገዛ ሱቄ መጣ። አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ሊወቅሰኝ አልነበረም። «ኤዶ፣ ልዘጋው ነው» አለኝ። በጥር ከ40 በላይ አዲስ ሰው ተመዝግቦለት ነበር። አሁን የሚያዘወትሩት አሥራ ሁለት ናቸው። ማሽኖቹን በብድር ከዱባይ አስመጥቷል። የቤት ኪራይ አለ። የአየር ማቀዝቀዣው መብራት ደግሞ ከኪራዩ አይተናነስም።

«ሰዉ ሰነፍ ነው» አለ። ጂሙ ግድግዳ ላይ የሁሴን አሕመድ ሳላህ ፎቶ ተሰቅሏል። በ1988 ሶል ላይ በማራቶን ነሐስ ያመጣው፣ ለጅቡቲ የኦሊምፒክ ሜዳልያ ያስገኘው ሯጭ ነው። «እሱ በዚህ ሙቀት እዚሁ አልነበረም የሚሮጠው? የፈለገ ሰው ይመጣል» አለኝ።

እኔም ሳላህን በደንብ አስታውሰዋለሁ። «አንተ ልጅ፣ የ1985ቱን ለምን አትነግረኝም?» አልኩት። በዚያ ዓመት ሂሮሺማ ላይ በተደረገው የዓለም የማራቶን ዋንጫ ሳላህ አንደኛ ወጣ። ጅቡቲም በቡድን አንደኛ ሆነች፤ እነ ጃማ ሮብሌ አብረውት ነበሩ። ያ ጎበዝ ሰው እንኳ ጓደኞች ነበሩት። «እኔ ግን መስታወት ፊት ብቻዬን አቆምከኝ። ስጠፋም አልፈለግኸኝም» አልኩት።

ዝም አለ። ቀጥሎ የተናገረው እውነተኛ ነገር ስለሆነ ወደድኩለት። «ስትቀሩ መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። ከፍላችኋል፤ ማሽኑ አያረጅ፣ መብራት አይባክን።»

ይህ የእሱ ብቻ ሐሳብ አይደለም። ልጄ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ አንድ ጥናት አነበበልኝ። ዴላቪኛና ማልመንዲየር የሚባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን በ2006 ያወጡት ነው፤ ርዕሱ «ወደ ጂም ላለመሄድ መክፈል» እንደ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ የሦስት ጂሞችን 7,752 አባላት መዝገብ አዩ። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባላት በአማካይ የሚሄዱት በወር አራት ጊዜ ከትንሽ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ አንዱ ቀን ከ17 ዶላር በላይ ያወጣቸዋል። የአሥር ቀን ካርድ ቢገዙ ደግሞ በቀን 10 ዶላር ብቻ ነበር። ሰው ሲመዘገብ ነገ ጎበዝ እሆናለሁ ብሎ ነው የሚከፍለው። እንግዲህ የቀረ አባል ለባለ ጂሙ ለጊዜው ትርፍ ይመስላል። ግን የክፍያው ጊዜ ሲያልቅ አያድስም፤ ጎረቤቱንም «እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም» ይለዋል። እኛ ነጋዴዎች ይህን እናውቀዋለን። አንዴ ገዝቶ የማይመለስ ደንበኛ ትርፍ አይደለም።

ደብተሩ

ልጁን «ጂምህን እንደ ሱቅ ሳይሆን እንደ እቁብ ያዘው» አልኩት። እኔና ጓደኛዬም ተመልሰን እንድንገባና ሥራውን እንድናግዘው ተስማማን። ከሱቄ አንድ ትልቅ ደብተር ሰጠሁት። የእቁብ ጸሐፊያችን መስመሩን አሰመረችለት፤ ስም፣ የገባበት ቀን፣ ለምን እንደመጣ፣ ሥራው ምን እንደሆነ፣ የመጣባቸው ቀኖች።

«ለምን መጣህ» የሚለውን ጥያቄ ልጁ መጀመሪያ ናቀው። በኋላ ግን ዋናው ነገር እሱ ሆነ። አንዱ በጋላፊ መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የመጣው ወገቡን አሞት ነው። እሱን ደረት የሚያሳብጥ ማሽን ላይ ማስቀመጥ ምን ይጠቅመዋል? አንዷ ለሠርጓ ነው የመጣችው። እኔ ለስኳሬ ነው። ሰው የመጣበትን ጉዳይ የሚያስታውስለት ካገኘ ሌላ ቀንም ይመጣል።

የመጀመሪያውን ቀን ቀየርነው። ማሽን ሁሉ ማሳየት ቀረ። ሦስት እንቅስቃሴ ብቻ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ቀለል ያለ። ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር ይነገረዋል። አንደኛ፣ ነገና ከነገ ወዲያ ሰውነትህን ሊያምህ ይችላል፤ አትደንግጥ። ሁለተኛ፣ የምትመጣበትን ቀንና ሰዓት አሁኑኑ ንገረኝ። «እመጣለሁ» አይጻፍም፤ «ማክሰኞ፣ ማታ 2 ሰዓት» ነው የሚጻፈው።

ከዚያ ለአዲሱ ሰው ዋስ ይመደብለታል። ቃሉን የወሰድነው ከእቁብ ነው። እዚህ ግን ዋሱ ገንዘብ አይከፍልም። አብሮት በዚያ ሰዓት የሚመጣ ነባር አባል ነው፤ ሲቀር ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

ሰዓቱም መስተካከል ነበረበት። ልጁ ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ለኩሶ ባዶ ቤት ይጠብቅ ነበር። የዚህን ከተማ ቀን የምናውቅ እናውቀዋለን። ቀትር ካለፈ በኋላ ጫቱ ከኢትዮጵያ ይገባል፤ ሙቀቱ አለ፤ ማንም ከቤቱ አይወጣም። ስለዚህ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈታል፤ ከ3 እስከ 5 ሰዓት የሴቶች ብቻ ሆነ፤ ከዚያ ተዘግቶ ከመግሪብ በኋላ ይከፈታል። ለመጪው ረመዳን ደግሞ ከተራዊህ ሶላት በኋላ እንዲሆን ተነጋገርን፤ ባለፈው ረመዳን የነበረውን ሰዓት ሳይቀይር ስለዋለ ነበር ግማሹ ሰው የጠፋበት።

ከሁሉ የተከራከርንበት የመንገደኛው ጉዳይ ነው። የአባላቱ ብዙው ክፍል እንደኔ ተመላላሽ ነጋዴና ሾፌር ነው። ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ አሥር ቀን ሲቆይ ወሩ ይበላበታል። «ከፍዬ ያልበላሁት» የሚል ቅሬታ ይዞ ይመለሳል፤ ወይም አይመለስም። «መንገድ ላይ ነኝ ያለን ሰው ቀኑ ይቁምለት» አልኩ። ልጁ «ያታልሉኛል» አለ። «እኔ ዱቤ ስሰጥ ማን ያታልለኛል? አንድ ሁለት ሰው። የቀሩት ግን በዱቤው ምክንያት ነው ከኔ የማይለዩት» አልኩት። ሳያምንበት እሺ አለ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ብቻ ነው «አዲስ አበባ ነኝ» ብሎ ሲዲ ሆቴል በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ የታየው፤ እሱም ከጂሙ ሁሉ ጋር አብሮ ሳቀ።

ስልኩ ያመጣው ጣጣ

ደንባችን ሁለት ጊዜ ለቀረ ሰው መደወል ነበር። መጀመሪያ አበላሸነው። ልጁ ራሱ እየደወለ «ቀርተሃል፤ መቼ ነው የምትመጣው?» ይላል። ሰዉ ዕዳ የተጠየቀ መሰለው። አንዱ «ከፍዬ የለም እንዴ!» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት። እኔ የደወልኩለት ሾፌር ስልኩን ሚስቱ አነሳችው። «አንቺ ማነሽ? የትኛው ቀጠሮ ነው የቀረው?» ስትለኝ በርበሬ ሻጭ መሆኔን ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ።

ስለዚህ ተውነውና ዋሱ ራሱ በዋትሳፕ አጭር የድምፅ መልእክት እንዲልክ አደረግን። ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት። «ደህና ነህ ወይ?» ይቀድማል። «ለምን ቀረህ?» የሚል ቃል አይነሳም። «ሐሙስ ማታ እኔ አለሁ» ይበቃል።

ሲመለስ ደግሞ «የት ጠፋህ?» ማለት ተከለከለ። በኛ አገር ናፍቆት ነው፤ ሐፍረት ለያዘው ሰው ግን ወቀሳ ነው። «እንኳን ደህና መጣህ» ይባላል፤ ካቆመበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ ሻይ ይጠጣል። የኔው ያለ ስኳር ነው።

ልጄ በኋላ ያነበበልኝ ሌላ ጥናት ይህንኑ ስለሚመስል ደስ አለኝ። በ2021 ኬቲ ሚልክማንና ባልደረቦቿ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ነው። በአንድ የአሜሪካ ትልቅ የጂም ድርጅት 61,293 አባላት ላይ 54 ዓይነት የአራት ሳምንት ማበረታቻ ሞከሩ። ከሁሉ የበለጠ የሠራው አንድ ቀን ቀርቶ ለተመለሰ ሰው ትንሽ ሽልማት የሚሰጠው ነበር፤ የሳንቲም ያህል ሽልማት። ዋናው ነገር እንግዲህ ያለመቅረት ሳይሆን ቀርቶ መመለስ ነው። ያው ጥናት ሌላም መራራ ነገር ይላል። አራቱ ሳምንት ካለፈ በኋላ ውጤቱ የቆየላቸው ማበረታቻዎች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ በአንድ ወር ደብተሩን የሚዘጋ ባለ ጂም ድካሙ ከንቱ ነው።

ያልደወልንላት

የተሳካውን ብቻ ነግሬያችሁ ብሄድ ውሸት ይሆናል።

ያቺ አብራኝ የተመዘገበችው ጓደኛዬ፣ ዋሷ እኔ ነበርኩ። ሐምሌ ላይ፣ ያ አሸዋ የሚያዘንብ የከምሲን ነፋስ በሚነፍስበት ሰሞን፣ «ድሬዳዋ ልወርድ ነው» አለችኝ። በደብተሩ ላይ «መንገድ ላይ» ብዬ ጻፍኩላት። ቀኗ ቆመ። እኔም አልደወልኩም። ያ ሁሉ ደንብ ያወጣሁት ሴትዮ «መንገድ ላይ» የሚለውን ቃል አምኜ ተቀመጥኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወተት የምታመላልስልን ሴት «ጓደኛሽ ተሻላት ወይ?» አለችኝ። ጓደኛዬ ባቡሩን አልተሳፈረችም ነበር። ልትነሳ በነበረችበት ማለዳ የደም ግፊቷ ጥሏት፣ በልባላ ካለው ቤቷ ብቻዋን ተኝታ ነበር። ጎረቤት ነው ሐኪም ቤት ያደረሳት። እቁቡም ውስጥ የለችም፤ በዚያ ዓመት ዕጣ አልገባችም። ስሄድ ግራ እጇ ገና በደንብ አይታዘዝላትም።

አልተቆጣችም። «አንቺ እንኳ?» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እስከ ዛሬ ሻይ ስቀዳ የምትመጣብኝ ይህች ቃል ናት።

እስከዚያ ቀን የምንደውለው ሰዉ እንዳይቀርብን፣ ጂሙም እንዳይዘጋ ብለን ነበር። ደብተሩ ስለ ሰው ጤና ሳይሆን ስለ ሰው መምጣት ነበር የሚጠይቀው። በማግስቱ ደንቡን ቀየርነው። «መንገድ ላይ» የተባለ ሰው ቀኑ ይቆማል፤ መልእክቱ ግን አይቆምም። በሳምንት አንድ ጊዜ «ደረስሽ? ደህና ነሽ?» ይባላል። መልስ ካልመጣ ዋሱ ቤቷ ይሄዳል ወይም ሰው ይልካል።

ዛሬ ያለንበት

ተአምር አልተፈጠረም። አሁንም ሰው ይገባል፤ ይወጣል። ከጥቅምት እስከ ኅዳር ከገቡት ሠላሳ ያህል አዲስ ሰዎች በዚህ ጥር ላይ 19ኙ አሉ። ሾፌሩ ወገቡ ተሽሎት ሚስቱንም አምጥቷል፤ እኔን ባየች ቁጥር ትስቃለች። ሙሽራዋ ካገባች በኋላ ቀረች፤ ዋሷ መልእክት ትልክላታለች እንጂ አታስጨንቃትም። ልጁ የማሽኖቹን ብድር ገና እየከፈለ ነው፤ «ልዘጋው ነው» የሚለውን ግን ከሰማሁ ቆየሁ። ስኳሬ ወርዷል። ሐኪሙ «ምን አደረጉ?» ሲለኝ «እቁብ ገባሁ» አልኩት።

ጓደኛዬ ወደ ጂሙ አልተመለሰችም። መስታወቱን አልወድም ትላለች፤ እውነቷን ነው። ዓርብና ማክሰኞ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሲየስታ ባሕር ዳር ላይ እኔና እሷ ቀስ ብለን እንራመዳለን። ግራ እጇን እያፍታታች፣ የሽቶ ዋጋ እየነገረችኝ። ይህም ደብተሩ ላይ ተጽፏል፤ ልጁ «ባሕር ዳር» ብሎ ለብቻዋ መስመር አስምሮላታል።

ጂም ያላችሁ ወገኖቼ፣ አዲስ ማሽን ከማስመጣታችሁ በፊት አንድ ደብተር ግዙ። ጂም የሌላችሁም፣ ሱቅ ላይ ወይም ባቡር ውስጥ ሳትሰሙት ሳምንታት ያለፉት ሰው ካለ «መንገድ ላይ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ዛሬውኑ ደውሉለት።